ከገደሉ ማዶ የነበረው ፊት

ላሊበላ ውስጥ «ዘመኑ ካሜራ» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከገበያው በላይ ያለችውን ጠባብ ቤቴን የማያሳያችሁ ሰው የለም። የአባቴን ስም የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። አንገቴ ላይ አሥራ አምስት ዓመት የኖረው ካሜራ አባቴን ገፍቶ ቦታውን ወሰደበት። ድሮ በዚህ ስም ስጠራ ደረቴ ይነፋ ነበር። አሁን ጆሮዬ ይግላል፤ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ ማለፍ ያምረኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ብቻዬን ይዤው መቀመጥ ስላቃተኝ ነው።

መጀመሪያ ስለ ካሜራዬ። ትልቅ ነው። እንደ ዛሬዎቹ ትልቅ መሳይ ሳይሆን የእውነት ትልቅ፣ ገላው ብረት፣ ከነሌንሱ ሲያዝ ሁለት ኪሎ የሚያልፍ። በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት አካባቢ የተሠራ ሲሆን፣ በጊዜው የትልልቅ ጋዜጠኞች ካሜራ ነበር። እኔ የገዛሁት ፊልም ሊሠራ መጥቶ ከነበረ አንድ ፈረንጅ ላይ ነው። አሁን ጎማው ተላጥቶ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ። ሜጋፒክሰሉ አሥራ ሁለት ብቻ ስለሆነ ስልክ የያዙ የሰፈር ጎረምሶች «ዘመኑ፣ ዘመኑ አለፈበት» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። ይህ ካሜራ በጧፍ ብርሃን ፊት ያወጣል። ቆዳን ቆዳ፣ ነጠላን ነጠላ አድርጎ ያሳያል። መዝጊያው «ቀጭ!» ሲል ሙሽሮች ሳያውቁት ቀጥ ይላሉ፤ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። ሰው የሚያከብረው ካሜራ ነው። እኔን የሚያከብረኝም በሱ ምክንያት ነው።

አንድ ጉድለት አለበት፤ ጉድለቱም የካሜራው ሳይሆን የእኔ ነው። ቱሪስት በጠፋበት ዘመን ረጅሙን ሌንስ ሸጥኩት። የቀረኝ አጭሩ ብቻ ነው። ለሠርግና ለምረቃ ይበቃል፤ ሩቅ ያለን ነገር ግን አያቀርብም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ትልቅ ካሜራ ሁሉ ሩቅ የሚያይ ይመስለዋል፤ እኔም ይምሰለው ብዬ ዝም አልኩ።

ከእኔ ጋር በአንድ ግድግዳ የምትዋሰነው ሂንድ ናት። የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ወደ ሐራ ነው። እዚህ መጥታ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተች። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ መታወቂያ ታሽጋለች፣ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች። የምታነሳው አጎቷ አብዱልሀሚድ ከሳዑዲ ሲመለስ ባመጣላት ካሜራ ነው። ካሜራዋ የሳሙና ሣጥን ታህላለች። ስትከፈት አፍንጫዋን ሦስት ጊዜ እያስረዘመች ታወጣለች፤ ድምፅ የላትም፤ ስልሳ እጥፍ ታቀርባለች። እኔ «መጫወቻ» ነበር የምላት።

«ሂንድ፣ መጫወቻሽ ዛሬ ምን አነሳች?» እላታለሁ በጠዋት፣ ደንበኞቿ ፊት።

«አልሐምዱሊላህ ጋሼ፣ ሰው አነሳች» ትለኛለች እየሳቀች።

ዕድሉን ካገኘሁ አልተዋትም። የዚህች ካሜራ ብርሃን የምትቀበልበት ሴንሰር ከጥፍሬ አይበልጥም እላለሁ። ቤት ውስጥ ስታነሳ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ነጭ ነገር ስታይ ድራሹን ታጠፋዋለች፤ ስታቀርብ ትንቀጠቀጣለች። ስለ ካሜራዋ ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። ነገሩን የሚያከፋብኝም ይኸው ነው።

አምና በጥቅምት አንዲት ሴት ቤቴ መጡ። እማማ የሻረግ ይባላሉ። ቤታቸው ወደ ገነተ ማርያም ነው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ቃለሕይወት። ከብልባላ አልፎ ገደል ላይ ባለ ገዳም ከመነኮሰ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ዛሬ የምንኩስና ስም አለው፤ እሳቸው ግን ቃለሕይወት እንዳሉት ቀሩ። ገዳሙ ሴት አይወጣበትም። በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ የኅዳር ጽዮን ዕለት፣ መነኮሳቱ ወደ ገደሉ አፋፍ ወጥተው ከማዶ ባለው ተረተር ላይ የቆመውን ሕዝብ ይባርካሉ። ከዚህ ተረተር እስከዚያ አፋፍ ድምፅ ይደርሳል፤ በእግር ግን ወርዶ ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። እማማ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየኅዳሩ እዚያ ቆመዋል። ያዩት ቢጫ ወይባ የለበሰ ነጥብ ነው።

«ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለኝ» አሉኝ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው። «የሚያዩትን ቶሎ ይዩ አለኝ። እኔ ምን የማየው አለኝ ልጄ? ያ ትልቁ ካሜራህ የማዶን ሰው ፊት ያወጣል አሉ። የልጄን ፊት አውጥተህ በትልቅ ወረቀት ስጠኝ። ዓይኔ ሳይከዳኝ አንድ ጊዜ ልየው።»

ወንድ ነህና ወጥተህ አንሳልኝ አላሉኝም። ካሜራ ከገዳሙ በር እንደማያልፍ ያውቃሉ።

ያኔ «እማማ፣ የእኔ ካሜራ እዚያ አይደርስም» ማለት ነበረብኝ። አምስት ቃል ነው። እኔ ግን ምን አልኩ?

«የጢማቸውን ፀጉር አንድ በአንድ ያስቆጥርዎታል።»

ምላሴን በቆረጠው! ከዚያ በኋላ ራሴን ሳታልል ሰነበትኩ። ከሩቅ አንስቼ፣ ኮምፒውተር ላይ ቆርጬ አሳድገዋለሁ አልኩ። ሙያዬን የማያውቅ ሰው እንዲህ ቢለኝ እስኪበቃኝ እስቅበት ነበር።

ግድግዳችን ስስ ነው፤ ሂንድ ሁሉንም ሰምታለች። እማማን ስሸኝ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«ጋሼ ዘመኑ፣ እኔም ልከተላችሁ? የእኔዋ ደህና አድርጋ ታቀርባለች።»

«ይቺን መጫወቻ ይዘሽ?» አልኳት።

«ትምጣ እንጂ» አሉ እማማ። «ለእግሬም ምርኩዝ ትሆነኛለች።»

በዋዜማው በሚኒባስ ብልባላ ገብተን አደርን። በማለዳ ከሁለት ሰዓት በላይ በእግር ሄድን። ሦስት እግሩን ማቆሚያ ትከሻዬ ላይ፣ ካሜራውን አንገቴ ላይ፣ ጋቢዬን በላዩ ደርቤ ዳገቱን ሳለከልክ ወጣሁ። ሂንድ የእማማን ስንቅ ይዛ፣ ክንዳቸውን ደግፋ ከኋላዬ መጣች። ካሜራዋ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ነበረች፤ መያዟን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም።

ተረተሩ ላይ ስንደርስ ሕዝቡ ሞልቷል። የእኔን ካሜራ ሲያዩ «ካሜራማን መጣ፣ አሳልፉት!» ተባለ። አሳለፉኝ። ከፊት፣ ከገደሉ ጫፍ፣ የሚያምር ቦታ ሰጡኝ። አንድ ቄስ ሰው ገፋ አድርገው ማቆሚያዬን እንድተክል ረዱኝ። እማማ አጠገቤ ቆመው ነጠላቸውን አጣፉ። ሂንድ ቦታ አልተሰጣትም። ጎን ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ክርኖቿን ጉልበቷ ላይ አስደገፈች።

መነኮሳቱ ወጡ። ሰባት ነበሩ። እማማ እጄን ጨበጡ።

«ግራኝ ነው» አሉኝ። «መቋሚያውን በግራው የያዘውን ፈልግ።»

በካሜራዬ መስኮት አየሁ። ገደል አየሁ፣ ሰማይ አየሁ፣ በመሐሉ ሰባት ቢጫ ፍሬዎች አየሁ። ግራና ቀኝ ቀርቶ እጅ አይለይም። ሆኖም ሰው ሁሉ እያየኝ ስለነበረ «ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!» አደረግሁ። ድምፁ ገደሉ ውስጥ ያስተጋባ መሰለኝ። እማማ በየአንዳንዱ «ቀጭ» «ተመስገን» ይሉ ነበር።

ቡራኬው ብዙ አልቆየም። መነኮሳቱ መስቀላቸውን አንስተው ባረኩ፤ ሕዝቡ እልል አለ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ተመለሱ። ይኼኔ ሂንድ ከድንጋዩ ላይ ሆና «አገኘሁት!» አለች በሹክሹክታ።

ወደ እኔ መጥታ ካሜራዋን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት። ፀሐዩ አላሳይ አለኝ እንጂ ያገኘሁት ይመስለኛል። ይዩልኝማ።»

ጋቢዬን ተከናንቤ በጨለማው ውስጥ አየሁ። ሦስት ፎቶ አንስታለች። የመጀመሪያው ተንቀጥቅጦ የተምታታ ነው። ሦስተኛው ባዶ ገደል ነው። ሁለተኛው ላይ ሰው አለ። መቋሚያውን በግራው የያዘ ሰው፣ ከደረቱ በላይ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ።

አቀረብኩት። ነጠብጣብ አለው። የቆቡ ጠርዝ በፀሐይ ነጥቷል። ጥራቱ ከቅንድቡ ይልቅ ኋላው ባለው ድንጋይ ላይ አርፏል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አየሁ። ፊት ነበር ግን፤ እናት የምታውቀው ፊት። እኔ ደግሞ በሁለት ኪሎ ብረቴ ቢጫ ፍሬ ነው የያዝኩት።

ጣቴ የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጫነ። ካሜራዋ ልታረጋግጥ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ያችን ጥያቄ ግን ጠንቅቄ አውቃታለሁ። «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ።

የማይረባ ፎቶ ነው ብዬ ነው እንዳልል፣ የማይረቡትን ሁለቱን ትቻቸዋለሁ። የሰረዝኩት ጥሩውን ነው። ይህን ለራሴ ለመንገር ስንት ወር ፈጀብኝ።

ከጋቢው ወጣሁና ካሜራዋን መለስኩላት።

«ተንቀጥቅጦብሻል» አልኳት። «እኔ ምን እልሽ ነበር?»

ገልብጣ ገልብጣ አየች። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

«አይቼው ነበር እኮ ጋሼ።»

«ትንሽ ስክሪን ያታልላል።»

እማማ ወደ እኔ ዞሩና «ግድ የለም፣ ያንተው ይበቃናል» አሉ። መንገዱን ሁሉ ሲመርቁኝ ወረዱ። ያን ምርቃት ተሸክሞ መውረድ ካሜራውን ተሸክሞ ከመውጣት የከበደ ነበር።

ማታውኑ ቤቴ ገብቼ የእኔን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ። የመነኩሴው ፊት አምስት ነጥብ ሆነ። ቡኒ፣ ቡኒ፣ ቢጫ፣ ቡኒ፣ ጥቁር። አሳደግሁት፤ አምስቱ ነጥቦች ትልልቅ ሆኑ እንጂ ፊት አልሆኑም።

በማግስቱ ሂንድ ገና ቤቷን ሳትከፍት እኔ ዘንድ መጣች። ካሜራዋን ይዛለች።

«ጋሼ ዘመኑ፣ ቁጥሩ ይዘላል» አለችኝ። «ሁለት መቶ አሥራ ሦስት አለ፣ ሁለት መቶ አሥራ አምስት አለ፣ አሥራ አራት የለም።»

«ካሜራ አንዳንዴ ይዘላል።»

«የእኔ ዘልሎ አያውቅም።» ወደ ኮምፒውተሬ አየች። «የጠፋ ፎቶ የሚመልስ ፕሮግራም አለ ይባላል። እርስዎ ጋ አለ?»

አለ። እዚያው ፊቷ የተቀመጠው ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። በሱ የአንድ ሙሽራ ሠርግ ሙሉውን መልሼ አውቃለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከካርድ የተሰረዘ ፎቶ ሌላ ፎቶ እላዩ ላይ እስኪያርፍበት ድረስ አይጠፋም። እላዩ ላይ ካረፈበት ግን ማንም አይመልሰውም። ካርዱን ከእጇ ተቀብዬ፣ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የቃለሕይወትን ፊት ላወጣላት እችል ነበር። ግን ማን ሰረዘው ብትለኝስ?

«ለእንዲህ ዓይነቷ መጫወቻ አይሠራም» አልኳት።

«እሺ ጋሼ» ብላ ሄደች።

ቀጥሎ ያለው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ የገበያ ቀን። ከየገጠሩ የመጣው ሰው ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ሂንድ በር ላይ ተሰልፏል። እኔ ዘንድ ሰው አልነበረም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ በስሱ ግድግዳ ድምፅዋን ስሰማ ዋልኩ። «ቀና ይበሉ አባ። እዚህ ይዩ። ነጠላውን ገለጥ ያድርጉት እናቴ። እዚህ ይዩ።» እሷ «እዚህ ይዩ» ባለች ቁጥር አንድ ሰው መጥቶ በዚያ መነኩሴ ፊት ላይ ይቀመጥ ነበር። በሯ ከበሬ ስምንት እርምጃ ነው። ሄጄ «ካርዱን አውጪው» ብላት ይበቃ ነበር። ተነሳሁ፤ በሩ ድረስ ሄድኩ፤ ሰልፈኛው «ጋሼ ዘመኑ፣ እንደምን ዋሉ?» አለኝ። «እግዜር ይመስገን» ብዬ ተመለስኩ። ገበያው ተበተነ።

እማማ የሻረግ በሳምንቱ ፎቶአቸውን ሊወስዱ መጡ። ወረቀቱን የሚይዙበት ንጹሕ ጨርቅ ሳይቀር ይዘው ነው የመጡት።

«አየሩ ጭጋግ ነበረው እማማ» አልኳቸው። ኅዳር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እሳቸው ግን ለዓይናቸው ሁሉ ነገር ጭጋግ ስለሆነ አመኑኝ። በዚህም አልበቃኝ። «ሂንድ እንኳ አግኝታው ነበር አሉ፤ ያች መጫወቻ ተንቀጥቅጣ አበላሸችባት» ብዬ ጨመርኩ። ከግድግዳው ወዲያ የፎቶ ኮፒው ማሽን ድምፅ ቆመ።

«ይሁን» አሉ እማማ። «የከርሞ ሰው ይበለን።» ጨርቃቸውን መልሰው አጣጥፈው ያዙ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሂንድን ካሜራ «መጫወቻ» ብያት አላውቅም። ጠዋት ጠዋት እሷ ሰላም ስትለኝ አንገቴን ነቅንቄ እገባለሁ። በሠርግ ላይ ካሜራዬን ሳነሳ ሰዎች ቀጥ ሲሉልኝ አፍራለሁ። ምን አውቀው ነው የሚያከብሩኝ እላለሁ በልቤ። እሷ ምንም አላለችኝም። ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን ሻይ ስታፈላ ለእኔም በግድግዳው አንኳኩታ ትጠራኝ ነበር። አልሄድኩላትም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ዲያቆን ከወደ ብልባላ ወሬ ይዞ መጣ። የእማማ የሻረግ ልጅ በዓት ዘግተዋል አለ። ከእንግዲህ ከዋሻቸው አይወጡም፤ ለኅዳር ጽዮንም አይወጡም። ይህን የሰማሁ ዕለት ምግብ አልበላሁም። ከርሞ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። በማግስቱ ስኳር ገዝቼ ወደ ገነተ ማርያም ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ስለማመድ ነበር፤ «እማማ፣ ፎቶውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

በራቸው ላይ የሴት ጫማ አየሁ። ሂንድ ውስጥ ነበረች። ለካ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች ትጠይቃቸዋለች። እማማ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ስገባ ወደ ድምፄ ነው የዞሩት፤ ዓይናቸው እኔን አላገኘኝም።

«ዘመኑ ነህ? ግባ ልጄ፣ ግባ።»

አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ እንደማልናገረው አውቃለሁ።

«እማማ» አልኩ። «አጥፍቻለሁ።»

በመንገድ የተለማመድኩት ላይ «ፎቶውን» የሚል ነበረበት። እሱ ሳይወጣ ቀረ። ያለ እሱ የወጣው ደግሞ ማንም ሰው ለማንም የሚለው ዓይነት ሆነ።

«ማን የማያጠፋ አለ ልጄ?» አሉ እማማ፣ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው። «እኔስ ስንቱን አጥፍቻለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ። እግዜርም ይቅር ይበልህ።»

ስለ ምኑ እንደሆነ እንኳ አልጠየቁኝም። ሂንድ ግን ገብቷታል። ቀና ብላ አየችኝ፤ እንድጨርሰው ጠበቀች።

«አሜን» ብዬ ተቀመጥኩ።

በሕይወቴ ስንት ነገር አድርጌ ይሆናል፤ እንደዚያ «አሜን» የሚያሳፍረኝ ግን የለም። ያልተነገራቸውን ነገር ይቅርታ ከእጃቸው ሰርቄ ወሰድኩ። እማማም ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ፊታቸው በራ፤ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ይቺ ልጅ እኮ ያን ዕለት የልጄን ፊት በካሜራዋ መስተዋት አይታዋለች» አሉኝ። «ታየኝና ጠፋ ነው የምትለኝ። በመጣች ቁጥር ታወራኛለች፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። አንተም ጋቢህን ተከናንበህ ያየኸው ይመስለኛል አለችኝ። አንተ ደግሞ የሙያው ሰው ነህ። በል ንገረኝ፣ ምን ይመስላል? እሷ ያለችኝን አልነግርህም፤ ራስህ ያየኸውን ነው የምፈልገው።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጋቢው ውስጥ ያለውን ጨለማ አስታወስኩ፣ ብርሃን ያለባትን ትንሽ ስክሪን አስታወስኩ። ነጠብጣቡ መጣልኝ። በፀሐይ የነጣው የቆቡ ጠርዝ መጣልኝ። ጥራቱ ያረፈበት ድንጋይ ስንጥቁ ሳይቀር መጣልኝ። ፊቱ አልመጣም። ያ ሰው ጢሙ ምን ዓይነት ነው? ከንፈሩስ? ዓይኑስ? አሥራ አምስት ዓመት ፊት ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እናት ስትናፍቀው የኖረችውን ፊት እንደዚያ አስጠግቼ አይቼ፣ ያየሁት የካሜራውን እንከን ብቻ ነበር።

«ጠቆር ብለዋል» አልኩ። ምን ልበል? «ጢማቸው ጥቁር ነው፣ ረጅም። ፊታቸው ኮስተር ያለ ነው።» የማንኛውም መነኩሴ ፊት ነው የነገርኳቸው።

እማማ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ጥቁር?» አሉ። «እሷ እኮ ሸብቷል ነው ያለችኝ። ደግሞ ይስቅ ነበር ነው ያለችኝ።» አንዴ ወደ እኔ አንዴ ወደ እሷ ዞሩ። «የማንኛችሁን ልያዝ?»

ሂንድ አቀርቅራ የመሐረቧን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። አንድ ቃል ብትናገር ያለቀልኝ ሰው ነበርኩ።

«የጋሼን ይያዙ እማማ» አለች። «እሳቸው ባለሙያ ናቸው። እኔን ፀሐዩ አጭበርብሮኝ ይሆናል።»

ይህን ስትል የእማማን ፊት አየሁት። ስድስት ወር ሙሉ ይዘውት የቆዩት ሳቂታ፣ ሽበታም ልጃቸው ከላያቸው ላይ ሲሄድ አየሁት። በምትኩ እኔ የፈጠርኩትን ኮስታራ ሰው ለመቀበል ሲታገሉ አየሁ። አንዴ በጣቴ አጠፋሁት፤ አሁን ደግሞ በአፌ ላጠፋው ነው።

«አይደለም!» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። «የእሷ ነው ልኩ። እኔ ፊታቸውን አላየሁትም፤ ዓይኔ ካሜራው ላይ ነበር። እማማ፣ ፎቶውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፎቶው ደህና ነበር። አልተንቀጠቀጠችም፣ ጭጋግም አልነበረም። እኔ ነኝ ከካሜራዋ የሰረዝኩት። በማግስቱ መመለስ ሲቻልም አይቻልም ብዬ የዋሸኋት እኔ ነኝ። ቅናት ነው እማማ። ሌላ ምክንያት የለውም።»

እርግማናቸውን ጠበቅሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈልጌውም ነበር። ቢረግሙኝ፣ ውጣልኝ ቢሉኝ፣ ያመጣሁትን ስኳር ቢወረውሩት የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር።

እማማ ግን ገና «የእሷ ነው ልኩ» ስል ነው ፊታቸውን ከእኔ ያዞሩት። የቀረውን ይስሙት አይስሙት አላወቅሁም። በእጃቸው መደቡን እየዳበሱ የሂንድን ጉልበት አገኙ።

«እና ሸብቷላ?» አሏት።

«ሸብቷል እማማ።»

«ብዙ?»

«መሐል መሐሉን። ከከንፈሩ ሥር ነጭ ነው።»

«አባቱም በጊዜ ነው የሸበተው» አሉ። «ሲስቅስ? ጥርሱ ይታይ ነበር?»

«ይታይ ነበር። ወደ እርስዎ የሚያይ እኮ ይመስል ነበር፣ እልልታውን ሰምቶ።»

«በይ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ከግንባሩ ጀምረሽ።»

ሂንድ ከግንባሩ ጀመረች። ወደ እኔ የዞረ ሰው አልነበረም። እኔም በሩ አጠገብ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ያ ሰው ምን ዓይነት ፊት እንደነበረው ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።